ሰዓት ሠሪው ያላየው ልዩነት

መንገዳችን ላይ ሰዓት የሚጠግነውን ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የለም። ጋሽ ደቂቃ ነው የሚባለው። ቅጽሉን ማን እንደለጠፈበት አይታወቅም፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም። አራት ሰዓት ላይ ተቀጣጥረህ አራት ከሦስት ከደረስክ፣ ሳይቆጣ፣ ሳያኮርፍ፣ ከጠረጴዛው ላይም ቀና ሳይል፣ "ሦስት ደቂቃ አለብህ" ይልሃል። በማግስቱ ሦስት ደቂቃ ቀድመህ ከመጣህ ደግሞ "ተጣጣን" ብሎ ይስቃል።

ሱቁ በአንድ ጫማ ቤትና በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር መካከል እንደ ሽብልቅ የተሰነቀረች ክፍል ነች። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታስቆምም። መስኮቱ ሥር ጠባብ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ወረንጦና ከእስክሪብቶ ቀፎ የቀጠኑ ካቻቢቴዎች ተደርድረዋል። ጠዋት ሲገባ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ይሰካና እስከ ምሳ ሰዓት አያወልቃትም። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደጃፉ ላይ ባለችው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ አነባለሁ። ሠላሳ ዓመት ስለ ዕውቀት ምንነት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ዕውቀት ሥራ ላይ ሲውል ያየሁት ግን ከዚያች ዱካ ላይ ሆኜ ነው።

ምክንያቱ የአሠራሩ ነገር ነው። ሰዓት ሲቀበል መጀመሪያ የሚያደርገው፣ የሠሪው ድርጅት ስም የተጻፈበትን ቦታ በቀጭን ወረቀት መሸፈን ነው። ከዚያ ቁጥር ይሰጠዋል። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። ውዱም ርካሹም በቁጥሩ ተሰልፎ ይጠብቃል። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠየቅኩት።

"ስሙን ካየሁ ዓይኔ ይሽቆጠቆጥለታል" አለኝ። "ወጣት ሳለሁ አንድ የታወቀ ሰዓት መጣልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ችግሩን ስፈልግ ኖርኩ። ለካ አንድ ማርሽ ጥርሱ ረግፎ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሏል። ዓይኔ አይቶታል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ሰዓት እንዲህ ያለ ጥርስ ሊኖረው አይችልም ብዬ አላመንኩትም።"

"ታዲያ ዓይን ነው የሚዋሸው ወይስ ልብ?" አልኩት።

"እሱን አንተ አስተምር። እኔ ስሙን እሸፍናለሁ።"

እንዲህ ያለው ሰው ነው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቅስሙ የተሰበረው።

የባንክ ሠራተኛ የሆነው ልጁ አዲስ ቴሌቪዥን ገዝቶ መጣ። ልጁና ምራቱ ከጋሽ ደቂቃና ከሚስቱ ጋር እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ምራቱ ነርስ ነች። አሮጌው ቴሌቪዥንም ምንም አልሆነም ነበር። ልጁ ግን "ለአባዬና ለእማዬ የሚገባቸው ይሄ ነው" ብሎ ቆረጠ። ቁም ሣጥኑ መሀል ያለው ክፍት ቦታ ከዚያ የሰፋ ስለማያስገባ፣ መጠኑን ከአሮጌው ጋር እኩል አድርጎ፣ ጥራቱን ግን ከፍ አድርጎ ፎር ኬ የሚሉትን ገዛ። እንድናይለት እኛን ሁለቱን ጎረቤቶች ጠራን፤ እኔንና ጡረታ የወጣውን የከባድ መኪና ሹፌር።

ልጁ አብሮ በመጣው ፍላሽ ላይ ያለውን ፊልም ከፈተ። አንድ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ላባውን ያበጥራል። ሌላ ነገር የለውም።

"እንዴ" አለ ሹፌሩ። "ይሄማ መስኮት ነው እንጂ ቴሌቪዥን አይደለም። ትንሽ ብቆይ ይህ ወፍ ጭኔ ላይ ያርፋል።"

"ከድሮው አራት እጥፍ ነጥብ አለው ጋሼ" አለ ልጁ፣ ደረቱ እየሰፋ። "ላባውን አንድ በአንድ መቁጠር ትችላለህ።"

"በጣም ጥርት ያለ ነው" አለች ምራቱ።

እኔም ተጠየቅኩ። "ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው" አልኩ። እንዲህ ብዬ መናገሬን ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

ከዚያ ልጁ ወደ አባቱ ዞረ። "አባዬ፣ እንዴት አየኸው?"

ጋሽ ደቂቃ የሩቅ መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ መልሶ አጠለቀ። ወደ ፊት ጎንበስ አለ። እንደገና ተደላድሎ ተቀመጠ።

"ወፍ ነው" አለ። "መልካም ወፍ ነው። ከድሮው በምን ተለየ?"

ሁሉም ሳቀ።

"እንግዲህ የኔን ሰዓት ከዛሬ ጀምሮ ማን ሊሠራልኝ ነው?" አለ ሹፌሩ።

"ተው ጋሼ" አለ ልጁ። እጁን አባቱ ትከሻ ላይ አሳረፈ። "ምንም አይደል አባዬ። ዕድሜ ነው።"

የሹፌሩ ቀልድ ምንም አላደረገውም፤ ሁለቱ አርባ ዓመት ሲጎሻሸሙ የኖሩ ናቸው። ያቺ "ምንም አይደል" ነች የገባችበት። ስድብን ሰው ይመልሰዋል። ርኅራኄ ግን መመለሻ የለውም፤ ተቀብለህ ነው የምትቀመጠው። ምራቱ ደግሞ በደግነት፣ "አባባ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ልያዝልዎት?" አለችው። "አይ፣ ይቆይ" አለ። የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዱካዬ ላይ ሆኜ ያየሁት ደስ አይልም። ሰውዬው የአንድ ሰዓት ሥራ የነበረውን ቀኑን ሙሉ ይይዘው ጀመር። አንዲት ከፀጉር የቀጠነች ሞላ ቦታዋ ላይ ያስቀምጣል፤ ማጉያውን አውልቆ ይጠርጋል፤ እንደገና ያያል፤ ያወጣታል፤ መልሶ ያስገባታል። ዓይኑ እንደሆነ የሚሠራውን ይሠራል፤ ባለቤቱ ግን ማመኑን ትቷል። ረቡዕ ላይ አንዲት ብሎን ሦስት ጊዜ አስሮ ሦስት ጊዜ ሲፈታ አየሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዴ ያሰረውን ዳግም ፈትቶ የማያውቅ እጅ።

"መምህር" አለኝ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳደረገ፣ "ክፍሉን ልለቅ ነው።"

"ምን ሆነህ?"

"አራት ሰው ያየውን ያላየ ሰው የሰው ሰዓት ሊከፍት አይገባም። ዛሬ ቴሌቪዥን ነው፤ ነገ የማርሽ ጥርስ ነው። ሰው እያመነኝ ላበላሽበት አልችልም። ያ የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ክፍሉን ሲመኝ ኖሯል፤ ሰኞ ና፣ መልሴን ትሰማለህ ብዬዋለሁ። አከራዩም ውሉን ይዞ የሚመጣው ሰኞ ነው፤ ባንድ ቀን ይለቅልኝ።"

የስልክ ዕቃ ሻጩ ማክሰኞ መጥቶ በዓይኑ ግድግዳውን ሲለካ አይቼው ነበር። የመስታወት ሣጥኑን የት እንደሚያቆም ሳይቀር ወስኖ ነው የሄደው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ ተኝቻለሁ። ሲነጋ ግን አንድ ነገር አብሮኝ ነቃ። እኔም ልዩነቱን አላየሁትም። ወፍ አይቻለሁ፤ መልካም ወፍ። "የሰማይና የምድር" ያልኩት ሹፌሩ "መስኮት ነው" ስላለ፣ ልጁ ደስ ስላለው፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ የተማረ ሰው ሆኜ ሌላው ያየውን ሳላይ መቅረቴን እንዳያውቁብኝ ስለፈለግኩ ነው። የስሜት ሕዋሳት ያታልላሉ እያልኩ ትውልድ አስተምሬያለሁ። እኔን ያታለለኝ ግን ዓይኔ አልነበረም፤ እፍረቴ ነው። ለእፍረቴ ብዬም የአንድ ሰው ሙያ ሲፈርስ አምስት ቀን ጋዜጣ እያነበብኩ አይቻለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ቀድሜው ደረስኩ። "ቅዳሜ ዕለት ዋሽቻለሁ" አልኩት። "ምንም ልዩነት አላየሁም።"

ቁልፉን መዝጊያው ላይ እንደሰካ ቆመ። የሚደሰት መስሎኝ ነበር። ፊቱ ጠቆረ።

"አታጽናናኝ" አለ።

"አላጽናናሁህም። እውነቴን ነው።"

"ቅዳሜ እውነቴን ነው ብለህ ዋሸህ፤ ዛሬ ደግሞ ዋሸሁ ብለህ እውነቴን ነው ትላለህ። የትኛውን መምህር ልመን?"

ለተማሪዎቼ የማቀርበው ዓይነት ጥያቄ ነበር፤ ለእኔ ሲቀርብ ግን እንደ ጥፊ ነው የጮኸው። ገብቶ ተቀመጠ። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አልሰካም። ትንሽ ቆይቶ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "ስሙን አልሸፈንነውም" አለ።

"የምኑን?"

"የቴሌቪዥኑን። ልጄ አዲስ ነው ብሎ ነገራችሁ፣ ውድ ነው ብሎ ነገራችሁ፣ አራት እጥፍ ነው ብሎ ነገራችሁ። ከዚያ ተቀመጡና እዩ አለ። እኔ እንዲህ አድርጌ ሰዓት ብመረምር ኖሮ እስከ ዛሬ ተርቤ ነበር።" ወደ እኔ ዞረ። "አሮጌው መኝታ ቤት ነው ያለው። እሑድ ከምሳ በኋላ ና። ሹፌሩንም ጥራው። ካየ ያየ ይሁን፤ ካላየሁ ያላየሁ ልሁን፤ ሰኞ ቁልፉን አስረክባለሁ። በወሬ ግን አላስረክብም።"

እሑድ ስንደርስ ሳሎኑ የቀዶ ጥገና ክፍል መስሏል። የምግብ ጠረጴዛው ግድግዳ ሥር ተጠግቶ፣ ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ቆመውበታል። ጋሽ ደቂቃ ከካርቶን ሁለት እኩል ክፈፍ ቆርጦ የሁለቱንም ጠርዝ ሸፍኗል፤ ከሥዕሉ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ከፊታቸው አንሶላ በገመድ ተሰቅሏል። ልጁ ያንኑ የወፍ ፊልም ለእያንዳንዱ እንደሚስማማው አድርጎ በሁለት ፍላሽ ገልብጦታል። ከጠዋት ጀምሮ ያቆየው ሌላ ነገር ነው።

"ብርሃናቸውን አስተካክል ብሎ ሦስት ሰዓት ሙሉ አሠቃየኝ" አለ ልጁ። "አዲሱ ደመቅ ይላል፤ ቀለሙም ይበዛል። ዝቅ አድርግ፣ ከፍ አድርግ፣ አረንጓዴው በዛ፣ ቀዩ አነሰ።"

"ድምቀትና ጥራት አንድ አይደሉም" አለ አባትየው። "የተወለወለ ሰዓት ሁሉ ትክክል አይሄድም። የተጠየቅነው ነጥቡ መብዛቱ ይታያል ወይ ተብሎ ነው፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን።"

ሥርዓቱን ነገረን። ባለቤቱ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ እና ምራቱ ከአንሶላው ጀርባ ይሆናሉ። እትዬ ሳንቲም ትወረውራለች፤ በአንበሳው ከወደቀ ቴሌቪዥኖቹን ይለዋውጧቸዋል፤ በሌላው ከወደቀ የለዋወጡ መስለው ያንኮሻኩሻሉ። ከዚያ አንሶላው ይገለጣል። እኛ አራታችን፣ ልጁ፣ ሹፌሩ፣ እኔና ጋሽ ደቂቃ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠን አዲሱ የቱ እንደሆነ፣ ግራ ወይም ቀኝ ብለን በቁራጭ ወረቀት እንጽፋለን። ስምንት ጊዜ። መነጋገር የለም፤ መሳቅ የለም፤ ማቃሰትም የለም።

"ማቃሰት እንኳን?" አለ ሹፌሩ።

"አንተ ስታቃስት ሌላው ይሰማል። ያን ቀን ሁሉንም ያሳየሃቸው አንተ ነህ።"

ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኖቹ በእትዬ የልብስ ሜትር ተለካ። ሦስት ሜትር ከስልሳ። ልክ ቅዳሜ ዕለት የተቀመጥንበት ርቀት።

ተጀመረ። ሁለቱ ሴቶች ከአንሶላው ጀርባ ሲተነፍሱ፣ ሲገፉ፣ ሲንሾካሾኩ ይሰማል። አንዴ እትዬ "አሁን ለዋወጥን ወይስ አልለዋወጥንም? እስቲ እናንተ አዋቂዎች ንገሩን" ስትል ባሏ "ዝም በይ እንጂ" አላት። አንሶላው ሲገለጥ ሁለት ወፎች ጎን ለጎን ላባቸውን ያበጥራሉ። አየሁ። ዓይኔን ጠበብ አድርጌ አየሁ። የግራው ይሻላል አልኩ፤ ቆይቼ የቀኙ ይሻላል አልኩ። ሹፌሩ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ጽፎ እግሩን ያነባብር ነበር፤ አራተኛው ላይ እስክሪብቶውን ይነክስ ጀመር። ልጁ ስድስተኛው ላይ ላቡን ጠረገ። ጋሽ ደቂቃ በየተራው ዝም ብሎ አየ፤ ጻፈ፤ ወረቀቱን አጠፈ።

ስምንተኛው ሲያልቅ እትዬ ወረቀቶቹን ሰብስባ ከራሷ ዝርዝር ጋር አስተያየች። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ጉሮሮዋን ጠረገች። የተደሰተች ትመስላለች።

"ሹፌር" አለች። "ከስምንት አራት።"

"ግማሹን አግኝቻለሁ ማለት ነው" አለ ሹፌሩ።

"ዶሮ ብትጭርበትም ግማሹን ታገኛለች። ልጄ፣ አንተ ሦስት። ከዶሮዋ በታች ነህ። መምህር፣ አምስት።"

"ይኸዋ" አለ ሹፌሩ፣ "ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዶሮን በአንድ በለጠ።"

ሳቁ ቤቱን ሞላው። እትዬ ግን አልሳቀችም። የመጨረሻዎቹን ስምንት ቁራጮች አንድ በአንድ እየፈታች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከዚያ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

"ይሄ ሰውዬ ግራም ቀኝም አላለም። ስምንቱም ላይ 'አይለይም' ብሎ ነው የጻፈው።"

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀስ ብሎ ነው የሆነው። መጀመሪያ የተናገረው ልጁ ነው፤ መሬት መሬት እያየ።

"አባዬ፣ እኔም ያን ቀን... ገዝቼው መጥቼ፣ እንዴት አልታየኝም እላለሁ? ይታየኛል ብዬ አሰብኩ። ማሰቤ ማየቴ መሰለኝ።"

"እኔ ሰው የሚለውን ነው ያልኩት" አለች ምራቱ ከአንሶላው ጀርባ ብቅ ብላ። "ይቅር ይበሉኝ አባባ። ሐኪም ዘንድ ልውሰድዎት ስል እኔው ራሴ አልታየኝም ነበር።"

ሹፌሩ ጉንጩን አከከ። "እኔ እንኳ ያን ቀን መነጽሬን ቤት ረስቼ ነበር የመጣሁት" አለ። ይህን ሲሰማ ጋሽ ደቂቃ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። ትከሻው እየተናጠ፣ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ።

"አንቺስ?" አላት ሚስቱን።

"እኔ ያን ቀን ቁም ሣጥኑ ሲነሣ የወጣውን አቧራ ነበር የማየው። ወፉንም አላየሁት።"

እዚህ ላይ ቢያበቃ ለእኔ በቂ ነበር። ሰውዬው ከዓይኑ ጋር ታርቋል፤ እኛም የሚገባንን አግኝተናል። እሱ ግን ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሰዓት ቆጠረ ብሎ አይመልስም፤ ለምን ቆሞ እንደነበር ካላወቀ አይተኛም። ከሶፋው ተነሣ።

"ቆይ" አለ። "አራት እጥፍ ነጥብ አለው ካላችሁ አለው። ሰው ያንን ሁሉ ነጥብ በከንቱ አይሠራም። ልዩነቱ አለ። ጥያቄው የት ላይ ሆኖ ነው የሚታየው ነው።"

የእንጨት ወንበር አነሣና ሶፋው ፊት አስቀመጠ። ተቀመጠ፤ አየ፤ ወንበሩን አንድ ስንዝር ወደ ፊት ገፋ። እንዲህ እየገፋ፣ እያየ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ወደ ግማሽ መንገድ ሲቃረብ ቆመ። አንገቱን ቀና አደረገ። ሱቁ ውስጥ የረገፈ ጥርስ ሲያገኝ እንደሚያደርገው፣ የታችኛውን ከንፈሩን ነከስ አደረገ።

"የቀኙ ነው አዲሱ" አለ። "የግራው ወፍ አንገቱ ላይ ያለው ላባ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ነው፤ እንደ ተጠረበ። የቀኙ ክር ነው።"

እትዬ ዝርዝሯን አየች። "ልክ ነው።"

"እንደገና ዝጉት።"

ስድስት ጊዜ ዘጉት፤ ስድስት ጊዜ ገለጡት። ግራ። ግራ። ቀኝ። ግራ። ቀኝ። ቀኝ። እትዬ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። "ስድስቱንም" አለች። "አንድ አልሳተም።"

ሜትሩ ተዘረጋ። ሁለት ሜትር ከሃያ። ልጁ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አደረገ።

"በል አሁን አንተ ተቀመጥ" አለው አባቱ።

ልጁ ሁለት ሜትር ከሃያ ላይ ተቀምጦ ገመተ፤ ሳተ። ገፋ፤ ሳተ። አንድ ሜትር ከስልሳ ላይ ነው መለየት የጀመረው። እኔ ከእሱ አንድ ስንዝር ቀርቤ ለየሁ። ሹፌሩ አንድ ሜትር ላይ ደርሶም ሲያመነታ፣ እትዬ "ግባበት እንጂ፣ ምን ታፍራለህ" አለችው። በመጨረሻ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ሲል "አሃ፣ ይሄ ነው እንዴ" አለ።

አራት ምልክት ወለሉ ላይ ቀረ። ሦስቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው ተኮልኩለዋል። አራተኛው፣ የስድሳ ስምንት ዓመቱ ሽማግሌ ምልክት፣ ከሁሉም ርቆ፣ ብቻውን ወደ ኋላ ቆሟል። ልጁ ሄዶ ራቅ ካለው ምልክት አጠገብ ቆመ።

"አባዬ" አለ፣ "እዚህ ቤት ካለነው ሁሉ የምታየው አንተ ነህ ማለት ነው።"

"ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ዓይኔ ስሠራ፣ ሌላኛው ሲያርፍ ኖሮ ይሆናል" አለ ጋሽ ደቂቃ። ቀልዱ እንደ ቀልድ ነው የወጣው፤ ግን ተነሥቶ ሲቆም ወገቡ ሳምንቱን ሙሉ ካየሁት በላይ ቀጥ ብሎ ነበር።

እዚያው ቆሜ ያሰብኩትን ልጻፈው። ነገሩ ዓይን ስለመድከም አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑም ውሸታም አልነበረም። የጠራ ነገር መጥራቱን የሚያሳይበት ርቀት አለው፤ ከዚያ ርቀት ውጭ ተቀምጦ "ጠራኝ" የሚል ሰው የሚያየው የሰውን አፍ ነው። ይህን በመጽሐፍ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። በፕላስተር ተጽፎ ያየሁት ግን ያኔ ነው። ከአምስታችን መሀል "አላየሁም" የማለት ድፍረት የነበረው፣ በትክክል የማየት ችሎታውም ያለው አንዱ ሰው ነበር፤ እኛ ደግሞ በዚሁ ሰው ላይ ፈርደን ነበር።

"ታዲያ ገንዘቤን ሜዳ ላይ ጣልኩት?" አለ ልጁ።

"አልጣልከውም። ሶፋውን አቅርበው።"

"ሶፋውማ ከቦታው አይነቃነቅም" አለች እትዬ። "ያ ምንጣፍ ሥሩ ተቀዷል፤ እንዳይታይ ነው እዚያ ያደረግኩት። የፈለገ ወንበር ይዞ ይቅረብ።"

በዚሁ ተፈረደ። አዲሱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተመለሰ፤ አሮጌውም ወደ መኝታ ቤቱ። ምራቱ ያም ሆኖ የዓይን ሐኪሙን አልረሳችም። "ቀጠሮውን አሁን ያዥልኝ" አላት ጋሽ ደቂቃ። "አሁን አልፈራውም።"

ሰኞ ጠዋት ዱካዬ ላይ ስደርስ ሱቁ ተከፍቷል። ጋሽ ደቂቃ ከሳምንቱ የተቆለሉትን ሰዓቶች አንድ በአንድ እየጨረሰ፣ የተጠናቀቁትን በግራ በኩል ይደረድራል። የሳምንቱ ሥራ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሲያልቅ አየሁ ብል ማጋነን ነው፤ ግን ከቀትር በፊት ሰባት ሰዓቶች ጠግኖ ጨርሷል። እጁ ጠረጴዛው ላይ እንደ ድንጋይ የረጋ ነው።

የስልክ ዕቃ ሻጩ ቀድሞ መጣ፤ የብረት ሜትሩን እንደያዘ። ከኋላው አከራዩ ፋይሉን ታቅፎ ተከተለ።

"ይኸው መጣሁ አባቴ" አለ ሻጩ። "መስታወቱን ከነገ ወዲያ ላምጣ?"

"ሰኞ ና መልሴን ትሰማለህ ብዬህ ነበር" አለ ጋሽ ደቂቃ። "መልሴ አልለቅም ነው። አትቀየመኝ። ዓይኔ ጠፍቷል ብዬ ነበር፤ አልጠፋም።"

ሻጩ ግድግዳውን አየ፤ ሜትሩን አየ። "ግድግዳውን እኮ በሐሳቤ ቀለም ቀብቼው ነበር" አለ።

"በሐሳብህ አጥበህ መልስልኝ።"

አከራዩ ከት ብሎ ሳቀ፤ ፋይሉን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ከፈተ። "እንግዲያው ውሉን እናድስ። እንደ ልማዳችን ለአንድ ዓመት ልበለው? በዚህ ዕድሜ ረጅም ውል..."

"አምስት በለው።"

"አምስት ዓመት?"

"አምስት።" ወረቀቱን ተቀበለ። የቅርብ መነጽሩን አደረገ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ማንበብ ጀመረ፤ ከላይ ጀምሮ፣ ምንም ሳይዘል። አከራዩ እግሩን ቀያየረ። ሻጩ ሊሄድ የነበረው መሄዱን ትቶ ቆመ። ጋሽ ደቂቃ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈ።

"እዚህች ላይ፣ እንደ ጉንዳን በተሰለፈችው ፊደል፣ ጣሪያው ካፈሰሰ ተከራይ ያድሳል ይላል። በአምናው ውል አከራይ ነበር የሚለው።"

አከራዩ ጎንበስ ብሎ አየ። እንደገና አየ። ፊቱ ቀላ።

"ይህን ወረቀት ለስንት ተከራይ ሰጥቻለሁ" አለ። "አንድም ሰው አላየውም።"

"ሁሉም አይቶታል። በትክክለኛው ርቀት አልያዙትም" አለና ወረቀቱን መለሰለት። "ሰርዘውና አከራይ ብለህ ጻፍ። ከዚያ አምስት ዓመቱን ጻፍ። በቁጥርም፣ በፊደልም።"

አከራዩ እስክሪብቶውን አወጣ። ሰረዘ፤ ጻፈ። ጋሽ ደቂቃ እስኪጨርስ ቆሞ አየው፤ ፈረመ። ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳበ።